የስንብት ሒሳብ

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው መልቀቂያ ባስገባ ቁጥር ኮሪደሩ በሙሉ ሒሳብ ሹም ይሆናል። በቀደም ዕለት የ12 ዓመት ባልደረባችን ደብዳቤውን አስገብቶ ወደ ሻይ ክበብ ሲመጣ፣ ማኪያቶው ሳይቀርብ የስልኩን ካልኩሌተር አወጣ። ደሞዙ 18,000፣ ሲባዛ በ12፣ 216,000 ብር። ወዲያው ግማሹ የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ሆነ፣ ሩቡ ፍሪጅ፣ ከተረፈው ደግሞ ለእኛ የመሸኛ ክትፎ ወጣ። እኛም አልሰነፍንም፤ ለብ ለብ ይሁን ጥሬ በሚለው ላይ ተከራከርን።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ግን የሰማይ ላም አያልቡም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጠው በእርሳስ ጻፉለት፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ 10 ቀን። በጠቅላላው 140 ቀን። የቀኑ 600 ብር ነውና 84,000፤ እሱም ግብር ሳይነካው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሲሶ ቀን አልሠራሁም!»

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው አዩት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በወንበሩ ላይ ተረኛው ጃኬቱ ብቻ እንደሆነ ከሳቸው የተሰወረ አይደለም።

ጣሪያም አለው፤ ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። ሒሳቡ 34ኛው ዓመት ላይ ይሞላል፤ 35ኛውን የሚያገለግል ሰው፣ ለስንብቱ ሲባል፣ የጽድቅ ሥራ ነው የያዘው።

ባልደረባችን ክትፎውን ወደ ሽሮ ዝቅ አድርጎ ክሊራንስ ማስፈረም ጀመረ። ሕጉ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸም ይላል፤ ሠራተኛው የተረከበውን ንብረት ለመመለስ ከዘገየ ግን ቀኑ ይራዘማል። ዕቃ ግምጃ ቤቱ መዝገቡን ገልጦ አንድ ስቴፕለር አወጣበት፤ በ2009 ፈርሞ የወሰደው። ሦስት ቀን መሳቢያ ሲገለብጥ፣ ጽዳቶቹን ሲጠይቅ ከረመ። እኔም አብሬው ከጠረጴዛ ሥር አጎንብሼ ፈለግሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ የልጄ የቤት ሥራ ላይ ተቀምጣ አየኋት፤ የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎባታል። በቦርሳዬ ከትቻት አደርኩ። የራሴን መልቀቂያ ከጻፍኩ ቆይቻለሁ፤ በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሰው ለስንብት ክፍያ አምስት ዓመት መሙላት አለበትና፣ እኔ ገና አራት ዓመት ከዘጠኝ ወሬ ነው። ማመልከቻዋን ከነአባሪዋ የጠረዝኩት በዚችው ስቴፕለር ነበር።