ቁልፉን ይዞ የደረቀው ገበሬ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ አንድ አገር ነበረ። ሰማዩ ዝቅ ያለ፣ ነፋሱ ሌትም ቀንም የማይበርድ አገር ነው። በዚያ አገር ያለው በሬ 4 ጥማድ ብቻ ነበር። ከሳጥኑ ውጭ ያሉ ሰዎች በሬዎቹን ፕሮሰሰር ይሏቸዋል። ፈጣኖች ናቸው፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ የሚያወጡት ትልም ተቆጥሮ አያልቅም። ቢፈጥኑም ግን 4 ጥማድ 4 ጥማድ ነው።

በሬዎቹን የሚያድሉት አባ ድልድል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ኮረብታ ላይ ተቀምጠው «አንተ ጥመድ፤ አንተ ፍታ» ሲሉ ይውላሉ። ቁጣ አያውቁም፤ ወገንም የላቸውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2007 እስከ 2023 የያዙት ሕግ አንድ ነበር፤ ከሁሉ ያነሰ ያረሰ፣ ከሁሉ ቀድሞ ይጥመድ። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች «ፍጹም ፍትሐዊ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ከኮረብታው ሥር ሦስት መንደሮች አሉ፤ ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈርና ማዶ። በየመንደሩ 4 ገበሬ ይኖራል። ከሳጥኑ ውጭ መንደሮቹ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። መንደሮቹ ራሳቸው ግን «አገር ማለት እኛ ነን» ነው የሚሉት። በመካከላቸው ረጅም ግንብ ስላለ አንዱ ሌላውን አይቶት አያውቅም። የየመንደሩ ጭቃ ሹም ገበሬዎቹን ሰብስቦ፣ «እናንተ አራት ናችሁ፤ በሬውም አራት ጥማድ ነው። ለየራሳችሁ አንድ አንድ» ብሏቸዋል። አልዋሸም። ለሱም የተነገረው ይኸው ነበር።

12 ገበሬ በ4 ጥማድ እንዴት ያርሳል ትሉ ይሆናል። በዚያ አገር ሰው የሚንቀሳቀሰው በሬው እስካለለት ድረስ ነው። አባ ድልድል በሬውን ከአንዱ ወስደው ለሌላው ሲሰጡ፣ የተወሰደበት ሰው ባለበት ይደርቃል። ጅራፍ አንሥቶ ከሆነ ጅራፉን እንዳነሣ፣ ሊያስነጥስ ከሆነ አፉን እንደከፈተ ይቆማል። በሬው ሲመለስለት ካቆመበት ይቀጥላል። መድረቁንም አያውቅም። ፀሐይዋ ብቻ ትንሽ ዘልላ ትገኛለች፤ እርፍ የጨበጠ ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ፀሐይ አያይም።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ጊዜ በሰላም ተኖረ።

በየመንደሩ አንድ የዘር ጎተራ አለ፤ ለጎተራውም አንድ ቁልፍ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከገባ ጤፉ ከስንዴው ይደባለቃል፣ ስፍሩም ይሳሳታል፤ ስለዚህ የሚገባው ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው። ገብቶም አይቆይም። አንድ ቁና ሰፍሮ፣ «ጨረስኩ» ብሎ ይወጣል። በደጅ ያለው ተረኛ በሬውን አይፈታም። ቀንበር አውርዶ መልሶ መጥመድ ከመጠበቁ የበለጠ ጊዜ ይፈጃልና፣ በጎተራው ደጃፍ ባለው ባዶ አውድማ ላይ በሬዎቹን እያዞረ ይጠብቃል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ሦስተኛው ሳይሞላ «ጨረስኩ» የሚለው ድምፅ ይሰማል። ልማዱ የመጣው በሬው የራስ ከነበረበት ዘመን ነው፤ ለዚያ ዘመን መልካም ልማድ ነበር።

አንድ ቀን በላይ ሰፈር አንዱ ገበሬ ቁልፉን ይዞ ገባ። ቁናውን ሞልቶ እጁን ወደ በሩ ሲዘረጋ፣ አባ ድልድል ከኮረብታው ላይ «ፍታ» አሉ። በሬው ግንቡን አልፎ ለማዶ ሄደ። ገበሬው ቁልፉን እንደጨበጠ፣ እጁን እንደዘረጋ ደረቀ።

ሦስቱ ጎረቤቶቹ ዘር ሊወስዱ መጡ። በሩ ተዘግቷል። በአውድማው ላይ መዞር ጀመሩ። አሥር ዙር ዞሩ፤ መቶ ዙር ዞሩ። አቧራው ተነሣ። አባ ድልድል ከሩቅ አቧራውን አይተው፣ «ላይ ሰፈር ዛሬ እንዴት በርትቷል!» አሉና የሦስቱን ድካም በመዝገባቸው ከእርሻ ቆጠሩት። ሦስቱ ተራቸውን ሁሉ በመዞር ጨረሱ። አንዲት ትልም አልወጣችም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በሬው ለውስጠኛው ሰው ተመለሰለት። በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብለው ጮኹበት።

«ኧረ እኔ አንድ ቁና ነው የሰፈርኩት! አሁን ገባሁ፣ አሁን ወጣሁ» አለ። በሕይወት ባለው ሁሉ ማለ።

ጭቃ ሹሙ ነገሩን ሰምቶ፣ ሰነፍም ውሸታምም ነው ብሎ ፈረደበት። አንድ ቁና እህል ተቀጣ። ያን ዕለት የወሰደው ቁና ያው ነበርና እርሻው ጦም አደረ።

ከሳጥኑ ውጭ፣ በጀርመኗ ካርልስሩኸ ከተማ የነበሩ ሊቃውንት ይህን ነገር በ2004 ጽፈውበታል። ጽሑፉ ግን ለላይ ሰፈር አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ በጎተራው ደጅ ጠብ በረከተ። ቁልፉ በወጣ ቁጥር ለበሩ የቀረበና ጉልበት ያለው ይነጥቃል፤ ዳር የቆመው ሲዞር ይመሻል። ሽማግሌዎች ተቀመጡና ቁጥር ይሰጥ ተባለ። የመጣ ሁሉ የእንጨት ቁራጭ ይወስዳል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ይገባል፤ ሌላ ሰው ቁልፉን አይነካም። ከሳጥኑ ውጭ ሊኑክስ የሚባለው ወገን ይህን ሕግ በ2008 ነው የደነገገው። በሬው የራስ በሆነበት አገር ፍትሕ የሰፈነበት ሕግ ነው፤ ደካማውም ተራው ይደርሰዋል።

በላይ ሰፈር 7 ቁጥር ተጠራ። 7 ቁጥርን የያዘው ሰው በአውድማው መካከል አንድ እግሩን አንሥቶ ደርቋል፤ በሬው ታች ሰፈር ነው። ጎተራው ባዶ ነው። በሩ ክፍት ነው። ቁልፉ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። 8 ቁጥርና 9 ቁጥር ቁልፉን እያዩ ይዞራሉ።

«ቁልፉ ይኸው፤ ለምን አልገባም?» አለ 8 ቁጥር።

«ስንት ነህ?»

«8።»

«የተጠራውስ?»

«7።»

«እንግዲህ ዙር።»

ቁልፉ በሚስማሩ ላይ ዋለ። ድሮ በጠቡ ዘመን ቢያንስ ከነቁት አንዱ ይነጥቀው ነበር።

የበሬዎቹ አርቢዎች ይህን ሰሙና ለየጥማዱ አንድ እረኛ ልጅ ላኩ። ልጁ ሥራው መቁጠር ነው። በሬው በባዶ አውድማ መዞር ከጀመረ ልጁ ይቆጥራል፤ 4096 ሲደርስ «ይህ በሬ አያርስም!» ብሎ ወደ ኮረብታው ይጮኻል። አባ ድልድልም በሬውን ወስደው ከዚያው መንደር ለደረቀ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ በአንዳንድ ቀንም ሠርቷል። ነገር ግን ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ልጁ አያይም፤ አባ ድልድልም አያዩም። ጎተራው ከግንቡ ወዲያ ነው። ስለዚህ በሬውን በተርታ ይሰጣሉ። የተሰጠው ሰው ነቅቶ መዞር ይጀምራል፤ እረኛውም ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። ከእሱ ለሚቀጥለው፣ ከዚያም ለሌላው። ቀንበር ሲጫን፣ ቀንበር ሲወርድ ይመሻል። የበሬዎቹ ጫንቃ ተላጠ።

በታች ሰፈር ደግሞ ብልህ የተባለ ጭቃ ሹም ነበር። «ችግሩ አንዱ ነቅቶ ሌላው መድረቁ ነው። ከእንግዲህ አራቱም አንድ ላይ ይነሡ፤ አለበለዚያ አራቱም አንድ ላይ ይድረቁ» ብሎ አሳወጀ። ቃሉ ተፈጸመለት። በዚያን ጊዜ በታች ሰፈር የሚታረስ መሬት የነበረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ አንድ ሰው እንዲያርስ 4 ጥማድ ሙሉ መሰብሰብ ነበረበት። 3ቱ ጥማድ ደርሰው አራተኛው እስኪመጣ ቆመው ያመነዥካሉ። አራተኛው ሲመጣ አንዱ ያርሳል፤ ሦስቱ ባለበሬዎች እጃቸውን አጣጥፈው ያዩታል። በግንቡ ማዶ ደርቀው የቀሩት ገበሬዎች ይህን አላወቁም። የደረቀ ሰው ምን ያውቃል!

አዝመራው በሦስቱም መንደር ቀነሰ። ማዶዎች ጉባኤ ተቀመጡ።

«የጎደለን የሰው ጉልበት ነው» አለ ጭቃ ሹማቸው። «አራት ሆነን ይህን ያህል ካመረትን፣ ስምንት ብንሆን እጥፍ ነው።»

ጥያቄው ወደ ላይ ተላከ። ተፈቀደ። መፍቀዱ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ገበሬ መጨመር የሚፈልገው ስም መጻፍ ብቻ ነው። ማዶ 8 ሆነ። ታች ሰፈርና ላይ ሰፈርም ሳይውሉ ሳያድሩ ስምንት ስምንት ሆኑ። 24 ገበሬ ተቆጠረ። በሬው 4 ጥማድ ነው።

አሁን ቁልፍ ይዞ የሚገባ ሰው ሳይደርቅ የሚወጣበት ቀን ብርቅ ሆነ። በየደጁ ተራ የሚጠብቀው ሰባት ነው። አውድማዎቹ ከመረገጥ ብዛት ጎድጉደው፣ ዝናብ ሲጥል ውኃ የሚያቁሩ ሆኑ። ከኮረብታው ላይ ሲታይ ግን አገሩ በሥራ ይታመሳል። ከ4ቱ ጥማድ አንዱ እንኳ ሥራ ፈትቶ አይታይም። አባ ድልድል መዝገባቸውን ሲዘጉ በየምሽቱ የሚጽፉት አንድ ነበር፤ «በሬዎቹ መቶ በመቶ ሥራ ላይ ዋሉ።»

በላይ ሰፈር አንዲት አሮጊት ነበረች። ሥራዋ ጥላ መለካት ነው። የጎተራው ጥላ የት እንደደረሰ በግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምራለች። የመንደሩ ሰዓት እሷ ነበረች። ብዙ ዓመት ስታሰምር ኖራ፣ አንድ ነገር ልብ አለች። ከሰሉን አንሥታ መስመሩን ሳትጨርስ ጥላው ከመስመሩ አልፎ ይገኛል። እጇ ደንዝዞ እንደሆነ ብላ በመስመር ላይ መስመር አሰመረች። ጥላው ዘለለ። ያን ቀን የተቀጣው ገበሬ «አሁን ገባሁ፣ አሁን ወጣሁ» ማለቱ ትዝ አላት። ከሰሉን አስቀምጣ ተነሣች።

በግንቡ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ ወደ ኮረብታው ድምፅ ታሳልፋለች። አሮጊቷ ወደዚያ ሄዳ ተጣራች።

«አባቴ፣ በሬው የማን ነው?»

አባ ድልድል ይህን ጥያቄ ከመንደር ሰው ሰምተው አያውቁም ነበር። ጥቂት ዝም አሉ።

«የኔ ነው፣ እናቴ» አሏት። «ለሦስት መንደር በተራ አድላለሁ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«መንደሩ በተውሶ በሬ እንደሚያርስ አይወቅ ተብዬ ነው። እንደ አገር እንዲኖር።»

አሮጊቷ መስኮቱን ተደግፋ አሰበች። ከኋላዋ በሬ የደረሳቸው ይዞራሉ፤ የበሬዎቹ ኮቴ ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማል።

«እንግዲህ ልንገርዎ» አለች። «በደጅ የሚዞረው በሬ ውስጥ ለደረቀው ልጄ የሚያስፈልገው በሬ ነው። ልጆቼ ጨካኝ ሆነው አይደለም የያዙበት። የራሳቸው መስሏቸው ነው።»

አባ ድልድል መዝገባቸውን ገለጡ። የላይ ሰፈርን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ብዙ ጊዜ ቆዩ።

«ምን ላድርግ?» አሏት።

ሁለት ነገር ለመነች። አንደኛ፣ ከማን ምን ያህል ጊዜ እንደተወሰደ በመስኮቱ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ዞሮ ካልሆነለት በሬውን ፈትቶ በገዛ ፈቃዱ ይተኛ፤ ቁልፉ ሲወጣ ተረኛውን የሚቀሰቅስለት ይኑር።

ሁለቱም ተፈቀዱላት። በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር «የተሰረቀ ጊዜ» ተባለ። ጭቃ ሹሙ አነበበው። ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ጎተራውን ከፍቶ አንድ ቁና ሰፈረና በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ወደ ተቀጣው ገበሬ ቤት ሄደ። ሁለተኛው ነገር፣ ፈትቶ መተኛቱ፣ በሊኑክስ ወገን ዘንድ በ2013 ሕግ ሆኖ ገብቷል።

ማዶዎች ግን ዝርዝሩ በመስኮታቸው ላይ ሲለጠፍ አላነበቡትም። «እኛ አገር ነን፤ ከአገር ማን ይሰርቃል?» አሉ። እዚያ ዛሬም ይዞራሉ።

የመጀመሪያው ቀን በላይ ሰፈር ከባድ ነበር። አንዱ ገበሬ ቁልፍ ይዞ ገብቶ ነበር፤ በደጅ ሰባት ሰው ቆሟል። በሬ ያላቸው ሦስቱ ዞሩ። አንድ ዙር፤ ሁለት ዙር። በሩ አልተከፈተም። ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል። በሬ የፈታ ሰው ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ የሚሆነውን አያይም፤ በሬውም ይመለስለት አይመለስለት የሚያውቀው ነገር የለም። አሮጊቷ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ታያቸዋለች፤ ምንም አላለች።

ከሦስቱ መካከል በዕድሜ ትንሹ ቆመ። እጁን በበሬው ጫንቃ ላይ አሳረፈ፤ ጫንቃው የተላጠ ነበር። ቀንበሩን ቀስ ብሎ አወረደ። «ሲወጣ ቀስቅሱኝ» አለና በአውድማው ዳር ጋደም አለ።

አባ ድልድል በሬውን ተቀበሉ። ወደ ማዶ አልነዱትም፤ ወደ ታች ሰፈርም አልነዱትም።

በጎተራው ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ቁናውን ታቅፎ፣ አፉን እንደከፈተ ቆሞ ነበር። በሬው ሲጠመድለት እንደ ድንጋይ የነበረው ምላሱ ተላወሰ። ጠዋት «ጨረስ—» ላይ ነበር የተወው።

«—ኩ» አለና በሩን ከፈተ።