ከሩቅ የመጣን ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ወደ ቤቱ የመሸኛ ዘዴ

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግማሹ ተጠናቆ ነው እጅዎ የሚገባው። የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ሁሉ ወንፊት አልፎ፣ ወይም በሪሜዲያል ዞሮ፣ ግቢዎ የደረሰ የገጠር ልጅ ካለ አንድ ሰው ሥራውን በትክክል አልሠራም ማለት ነው። ማረሚያው የእርስዎ ነው።

ሬጅስትራር ላይ ይጀምሩ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቶ መስኮቱ ሥር የቆመውን ልጅ «ምዝገባ በኦንላይን ነው» ይበሉት። እንዴት እንደሆነ ከጠየቀ «ተለጥፏል» ይበቃዋል። የት እንደተለጠፈ ራሱ ይድረስበት፤ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው።

ዋናው ሰው ግን መምህሩ ነው። ክቡር መምህር፣ የመጀመሪያውን ቀን «ኤ ለእግዜር፣ ቢ ለእኔ፣ ሲ ለጎበዝ ተማሪ» በሚለው ይክፈቱ። ይህ ቀልድ አርጅቷል የሚልዎትን አይስሙ፤ ከሩቅ ለመጣ ልጅ አዲስ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ሀንድአውት ኮፒ ቤት ያስቀምጡ። ገጽ 14 ከጠፋች ዓመታት አልፈዋል፤ ፈተናውን ከእሷ ያውጡ።

ክፍል ውስጥ ጀርባዎን ሰጥተው ስላይዱን ያንብቡ። በመጨረሻ «ያልገባው አለ?» ይበሉ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን ካወጣች፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ክፍሉ ስቆ እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቁና «ይሄ እኮ የ9ኛ ክፍል ነው» ብለው ይለፉ። ከዚያ በኋላ እጅ የሚያወጣ ካዩ እኔን ይጥሩኝ።

የማማከሪያ ሰዓት በርዎ ላይ ይለጥፉ፤ በዚያ ሰዓት ላውንጅ ይገኙ። ሴሚስተሩን በሥልጠና ሰበብ ያሳልፉና አራቱን ምዕራፍ በሁለት ቅዳሜ ሜካፕ ይጨርሱ። የሚድ ውጤት ከፋይናል በኋላ ቢወጣ ይመረጣል፤ ያቺ እጇን ያወጣችው ልጅ ቀድማ ካወቀች ልታሻሽል ትችላለች። ግሬድ ካስገቡ በኋላ፣ ሻይ ላይ፣ «ግማሹን በኤፍ ጠረግኩት» እያሉ ይኩራሩ።

አያፍሩም ግን? ሃይስኩሉ ሩቅ ስለሆነባት ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ልታመጣ በእግሯ እየተመላለሰች አራት ዓመት የተማረች ልጅ ናት እኮ! ያስተማሩት ክፍል ግማሹ ሲወድቅ የወደቀው ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ራስዎን ጠይቀው ያውቃሉ? ይህ ጀግንነት ከሆነ ስንፍና ምን ሊባል ነው?

ይቅርታ፣ ወደ መመሪያችን።

ካፌውን እንዳለ ይተዉት። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 22 ብር ተመድቦ ለዓመታት በተኖረበት አገር ረሃብ ያለ ደመወዝ ያግዝዎታል።

ለሴት ተማሪዎች ቲቶሪያል ያዘጋጁ፤ ሪፖርት ይጠየቃልና። ባነር፣ ውኃ፣ ብስኩት፣ ፎቶ። ሁለተኛ ቀን አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ተቋቁማ የመጨረሻ ዓመት ከደረሰች የመውጫ ፈተና አለ። በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ከተፈታኞቹ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። በኮምፒውተር እንደምትፈተን እያወቁ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ፈቃድ ላይ ላለ ሰው ይስጡ። ውጤቱ ሲመጣ በሴኔት ስብሰባ ላይ «የሚላኩልን ተማሪዎች ደካሞች ናቸው» ይበሉ። ጭብጨባ ባይኖር እንኳ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ቃለ ጉባኤም ይያዛል።

እስከዚያው ግን፣ ጌታዬ፣ ፋይናል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ገጽ 14ን ኮፒ ቤት ይላኩላቸው።