በአፉ ወድቆ የማያውቅ ትውልድ

ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ ስለማለት

ክቡራን፣

ይህን የምስጋና ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሐርጌሳ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ሻይ ቤት ተሰብስበን እናዝናለን። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እኔ ግን ማንም ልብ ያላለው ውጤት ነው የሚያጽናናኝ፦ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንግሊዝኛ መናገር አቅቶት የወደቀ አንድም ተፈታኝ የለም። ከዚያ በፊትም አልነበረም። አትፈትኑማ!

«የንግግር ጥያቄም አለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሁለት ሰዎች ይጨዋወታሉ፣ አንዱ ይጠይቃል፣ የሌላው መልስ ባዶ ቦታ ነው። ተፈታኙ አፉን እንደ ዘጋ ከአራቱ ምርጫዎች አንዷን ያጠቁራል፤ ጭውውቱ በእርሳስ ያልቃል። ለዚህ ዝምታ የደከማችሁት እናንተ ብቻ እንዳልሆናችሁ ግን ታሪክ ይመዝግብልን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ያወራ ነበር። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፣ ራሱ ይመልሳል፣ «በጣም ጥሩ» ብሎም ያልፋል። ማንን እንደሚያመሰግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እዚህ ሐርጌሳ ጭካኔ በዝቷል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአባርሶ ትምህርት ቤት ልጆቹን በግቢው ውስጥ እንግሊዝኛ እንዲያወሩ ያስገድዳቸዋል። እየተሳሳቱ፣ እየተሳቀባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ! ከዚያ የወጡ ልጆች ሃርቫርድና ኤምአይቲ መግባታቸው በጭካኔው ላይ የተጨመረ ድፍረት ነው።

የእኛዎቹ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሥራ ፍለጋ ይመጣሉ። አንዱን ጨዋ ልጅ፣ የዲግሪ ባለቤት፣ እዚህ አንድ ሆቴል ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ አየሁት። ቅጹን ነቁጥ በሌለው እንግሊዝኛ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» ሲለው ጠረጴዛውን አየ፣ ወረቀቱን ገልብጦ አየ። ምርጫዎቹን እየፈለገ ነበር።

ውጭ አገር ለመማር የሚያስቡት ደግሞ አይልትስ ለተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ይቀመጣሉ። ለንግግሩ ክፍል ፈታኝ ፊት ለፊት ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ማውራት አለ። ከ0 እስከ 9 ይሰጣል እንጂ አለፈ ወደቀ አይልም። ብዙዎቹ ልጆቻችን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአፋቸው እንግሊዝኛ የሚፈተኑት እዚያ ነው፤ ለዚያውም ከፍለው።

«ተፈታኙ ብዙ ነው፣ አይቻልም» ትሉ ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላው። ግማሽ ሚሊዮን ተፈታኝ በነፍስ ወከፍ 10 ደቂቃ ቢያወራ 83 ሺህ ሰዓት ገደማ ይሆናል። 1 ሺህ ፈታኞች በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 11 ቀን ሳይሞላ ይጨርሱታል። ተማሪውን ሁሉ በአውቶቡስ ጭኖ በየዩኒቨርሲቲው ለማስፈተን የቻለ መንግሥት ይህ አያቅተውም። ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተዘርግቶ ፈተናው በአገር ደረጃ መራዘሙን አትርሱ። ጥያቄ ይሰረቃል፤ ምላስ ግን እንዴት ተደርጎ ይሰረቃል?

የምፈራው ሌላ ነው፦ 1 ሺህ ፈታኞቹን ማን ይፈትናቸው? እነሱም እኮ የእናንተኑ ክብ እያጠቆሩ ያደጉ ናቸው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሁሉን ባትችሉ በመጪው ፈተና ጥቂት ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ምረጡና ልጆቹን አናግሯቸው። ውጤቱንም እንደ ሌላው በመቶኛ አውጁልን። 3.3 ቢሆንም ግድ የለም፣ ለምደነዋል።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ተፈታኛችሁ
ሐርጌሳ