ከጋፋት እስከ ማርሚታ፦ በደብረ ታቦር የጭስ ማውጫ እድገት ላይ የቀረበ ጥናት

ስለ ደብረ ታቦር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ በዓሉ፣ ስለ ጉና ተራራ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ስለመሆኗ። ከተማዋ ለጭስ ማውጫ ሳይንስ ያበረከተችው ድርሻ ግን እስካሁን ተመራማሪ አላገኘም፤ ይህ ጽሑፍ ያንን ጉድለት ለመሙላት የቀረበ ነው። መከራከሪያው አንድ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ሰው ተሽከርካሪውን ሲያሻሽል ገንዘቡን የሚያፈሰው በሚጮኸው ጫፍ ላይ ነው፤ የሚጎትተውን ጫፍ ለሕዝቡ ይተዋል። ማርሚታ አስቆርጦ በየመንገዱ የሚያንባርቅ ወጣት ስድ ተብሎ ይወገዛል። ማስረጃው ሲመረመር ግን ልጁ ቢያንስ ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና የምሕንድስና ትውፊት ጠባቂ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸውን እነ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን፣ ለወንጌል የመጡትን እደ ጥበበኞች፣ ስብከቱን አቆይተው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ወጣ። በመካኒክ ዓይን ሲታይ ይህ በአንድ ጫፉ የተደፈነ፣ በሌላው ትኩስ ጋዝ የሚተፋ፣ ጎማ ላይ የተጫነ ወፍራም ቱቦ ነው፤ ዛሬ በየጋራዡ ከሚበየደው ማርሚታ በዓይነት ሳይሆን በመጠን ይለያል። የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ግን ምንም አዲስ ፈጠራ አልተደረገበትም። በጠፍር የሚጎትቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር የተነሣው ጉዞ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በሚያዝያ እሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያው ሲደረግ ይህ ሁሉ ድካም የወጣበት ቱቦ ውጤቱን አልቀየረውም። ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

ንጉሠ ነገሥቱን ከማርሚታ አስቆራጭ ጋር ማነጻጸር ድፍረት ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። ቴዎድሮስ ቱቦውን ለማሳለፍ ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ሠርተዋል። የዛሬው ባለ መኪና የሚያንባርቀው ቻይናዎች በጠረጉለት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ነው። ንጽጽሩ የሚያዋርደው ማንን እንደሆነ ግልጽ ስለሆነ እንለፈው።

ሁለተኛው ማስረጃ ዲኤክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የተሠራው ይህ ቶዮታ ኮሮላ በትውልድ አገሩ የቤተሰብ መኪና እንጂ የስፖርት መኪና አይባልም። እኛ ዘንድ ግን የማዕረጉ ባለቤት እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ሞዴሎቹ በሙሉ በኋላ ጎማ የሚነዱ የመጨረሻው የኮሮላ ትውልድ ነው። ጃፓን ውስጥ በተራራ ኩርባ ላይ በመንሸራተት ስሙ የገነነው ኤኢ86 ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው። ስለዚህ ዲኤክስ የስፖርት መኪና ዘመድ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ዘመድ መሆን ብዙ ጊዜ ራሱን ከመሆን የበለጠ ይጠቅማል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሻሻያ ማርሚታውን ቆርጦ ሰፊ ቱቦ ማስበየድ ነው። ለምን ሲባል፣ ሞተሩ እንዲተነፍስ ይላል።

ይህ የአተነፋፈስ ንድፈ ሐሳብ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉን በሩብ ያህል ያጣል። 1,300 ሲሲ ያለው ዲኤክስ ጉና ግርጌ ሲደርስ ገና ተወዳዳሪ ሳያገኘው የ1,000 ሲሲ መኪና ሆኗል። እንግዲህ የጎደለው የሚገባው አየር ነው፤ የሚወጣው ጭስ መንገድ አጥቶ አያውቅም። ባለ ማርሚታው ለተራበ ሰው ሽንት ቤት እንደሚያሰፋ በጎ አድራጊ ነው። ሰፊ ቱቦ ጨርሶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ጭሱ በቀላሉ ይወጣል፤ ትንሽ ኃይልም ይጨመራል። ነገር ግን ከዓለም በር ወደ ላይ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ የሚወጣ ዲኤክስ የሚኖረው በዝቅተኛው ዙር ነው፤ እዚያ ደግሞ ከልክ በላይ የሰፋ ቱቦ የጭሱን ፍጥነት ስለሚቀንስ ጉልበቱን ጭራሽ ያለዝበዋል። የሚገኘው ትርፍ፣ በጥንቃቄ ሲሰላ፣ ድምፁ ብቻ ነው።

ታዲያ የሚነዳው ክፍል ለምን አይሻሻልም? በዘርፉ ለሚሠሩ መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ባለ አራት ማርሹን ካምቢዮ በባለ አምስት መቀየር ይቻላል፤ ሆኖም አምስተኛው ማርሽ የሚያገለግለው ሜዳ ላይ ስለሆነ ጥቅሙን የሚያገኘው ፎገራ ነው። ለሩዝ ማሳ የሚሆን መኪና ለፋርጣ ዳገት አይሆንም። ለዳገቱ የሚበጀው ዲፈረንሻሉን ሬሾው ከፍ ባለ መለወጥ ነው፤ ያኔ ጎማው ቀስ ብሎ በብርቱ ጉልበት ይዞራል፤ ፎገራ ሲወርዱ ግን ሞተሩ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየጮኸ ቤንዚን ይጨርሳል። ሁለቱን አስታርቆ፣ ፍሪሲዮኑን አጠንክሮ፣ ካርቡሬተሩን ለስስ አየር አስተካክሎ የሠራ መካኒክ በእውነት ሊመሰገን የሚገባው ሰው ነው። ችግሩ ሥራው ከመኪናው ሆድ ሥር መሆኑ ነው። ከፍሪሲዮን ጥንካሬ የተነሣ ልጅቷን የዳሩለት ቤተሰብ እስካሁን አልተሰማም። ማርሚታ ግን ባለቤቱ ገና ሳይደርስ ይደርሳል። ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ሲያቃጥል ደግሞ ከሴባስቶፖል የተወረሰው ሥርዓት ወዲያው ሥራ ይጀምራል፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ዕቃቸውን አስቀምጠው ይገፋሉ። መኪናው በግፊ ይነሣና በታላቅ ነጎድጓድ ትቷቸው ይሄዳል።

የደኅንነት ክርክር የሚያነሡም አሉ፤ ድምፁ እንስሳት ከመንገድ እንዲርቁ ያስጠነቅቃል ይላሉ። ለኢሱዙ ጥሩምባ ቅንጣት የማይደነግጠው የፋርጣ በግ ለዲኤክስ ያዳላል ብሎ ለማመን ግን ምክንያት የለም። ከዚህ የተሻለው ክርክር ከባህል የሚመጣው ነው። ከተማዋ በስሙ የምትጠራው በዓል፣ ነሐሴ 13፣ የሚታወቀው በጅራፍ ጩኸት አይደለም ወይ? ነው። የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ ስለሚሄድ ነው የሚጮኸው። ስለዚህ በደብረ ታቦር ከድምፅ የሚፈጥን ነገር በእርግጥ አለ፤ በልጆች እጅ ይገኛል፣ ቤንዚንም አይጠይቅም። ከፍጥነት የተወለደ ጩኸትና ፍጥነትን የተካ ጩኸት በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም፤ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ጅራፍ እንኳ ቢያንስ ገርፏል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ዘመን ያልፈዋል የሚል ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የለውም፤ የአየር መሳሳት ጉልበቱን አይነካም፤ ከወረታ ደብረ ታቦር በዝምታ ይወጣል። በዚህ ስሌት ትውፊቱ ከዲኤክስ ጋር ሊያረጅ ነው። ሆኖም የውጭው ዓለም ልምድ ለወግ አጥባቂዎች ተስፋ ይሰጣል። ጣሊያኖች አባርት የተባለውን ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያወጡ የቤንዚን ሞተር ጩኸት የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ከሥሩ ገጥመውለታል። በዚህ መንገድ ጩኸቱ ከጭሱ ነጻ ወጥቷል፤ ይህም ንድፈ ሐሳባችንን ከማናቸውም ሰነድ በላይ ያጸናዋል። የሚቀረው ሀገር በቀል ማላመድ ነው፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ ጋፋት የሚለውን ስም ወርሷል። ሞንታርቦ አከራይም በከተማዋ አይጠፋም፤ ዋጋው በሰዓት ነው፣ ጄኔሬተሩ ለብቻ ይከፈላል።