«አላነበበውም»፦ በይፋት ቆላ ስለሚታየው የኮምፒውተር መሃይምነት

በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ጆሮው ተደፍኖ የይፋቷ ሸዋ ሮቢት የገባ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ሙቀት ነው፤ ጆሮው ሲከፈትለት ደግሞ ሙዚቃ። ከባጃጁ፣ ሽንኩርት ከጫነው አይሱዙ፣ ከማሽላ ጠባቂው ማማ ላይ ከተንጠለጠለችው ትንሽ ማጫወቻ የሚወጣው ድምፅ ምንጩ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ናት።

ችግሩ የሚጀምረው ማጫወቻው ዘፈን ሊጫንበት ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ሲገናኝ ነው። ዘፈን ጫኙ ልጅ ስክሪኑን ትንሽ ያየዋል፤ ከዚያ «አላነበበውም» ይላል።

ቃሉ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀምራ፣ ብዙም ሳይቆይ በዚሁ ሥራ ከዩኔስኮ ተሸልማለች። ዘመቻው አረጋውያንን እንኳ የተማሪ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ ኮምፒውተርን ዘለለው፤ ውጤቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና እፍ ማለት ነው። ከምድጃ የተወረሰ ዘዴ ሲሆን፣ ፍም ካቀጣጠለ ሶኬትንም ያነቃል በሚል መላምት ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ሚሞሪዋን አውጥቶ በሸሚዝ ማሸት ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሸሚዙ ላብ የጠጣ በመሆኑ ሚሞሪዋ ከበፊቱ ረጥባ ትመለሳለች። ሦስተኛው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ለዚህ እንኳ ብዙ ጊዜ የሰው እጅ አያስፈልግም፣ መብራቱ ራሱ ሄዶ ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ ገመዱን የጠረጠረ የለም። ባለቤቱ አስቀድሞ መስክሮለታላ፦ «ገመዱ ደህና ነው፤ ቻርጅ ያደርጋል።»

በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቀይና ጥቁሩ ኃይል ያመላልሳሉ፤ አረንጓዴና ነጩ ወሬ ያደርሳሉ። ርካሽ የቻርጀር ገመድ የሚሠሩ ሰዎች ወሬኞቹን ሁለቱን ትተው ሁለቱን መጋቢዎች ብቻ የሚያስቀሩበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ገመድ ማጫወቻውን ያጠግበዋል እንጂ አያነጋግረውም። በይፋት እንግዳን ሳያናግሩ ማብላት ነውር ነው፤ ገመዱ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ገመዱ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ ጥርጣሬው ወደ ሚሞሪዋ ያልፋል። ዘፈን እየተጫነ ሳለ ተመንጭቃ የወጣች ሚሞሪ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ መንገድ ላይ የቀረች፣ የሚጎዳባት ማውጫዋ ነው። ዘፈኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በየቦታቸው አሉ፤ የት እንዳሉ የሚናገረው መዝገብ ነው የተበላሸው። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ በጨዋ ደንብ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። የይፋት ቁርዓን ቤቶች ይህን ሥራ ያውቁታል፤ ደረሳው በእንጨት ሉሁ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ከያዘ በኋላ ሉሁ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ኮምፒውተሩ ግን ማንም በቃሉ ሳይዝ ማጠብ ይፈልጋል፤ «እሺ» የሚል ደንበኛም አያጣም።

ማህደሮችን ደብቆ በምትካቸው ባለቀስት ምልክት የሚያስቀምጥ ቫይረስም አለ። ባለቤቱ ዘፈኖቼ ተሰረቁ ይላል፤ ተደብቀዋል እንጂ አልሄዱም።

ተቃራኒው ደዌም ተመዝግቧል። ከ32 ጊጋ ባይት በላይ የሆነች ሚሞሪ በተለምዶ ከፋብሪካ የምትወጣው ኤክስፋት በሚባል አደራደር ነው። ርካሹ ማጫወቻ ደግሞ የሚያውቀው የድሮውን ፋት 32 ብቻ በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ሲያነብ እሱ መሃይም ሆኖ ይቀራል። ትልቅ ሚሞሪ በመግዛቱ ሲኮራ የነበረ ሰው በዚያን ጊዜ የሚያሳየው ፊት ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል።

ግማሽ ሰዓት እፍ ከተባለ በኋላ ልጁ መሳቢያውን ይከፍትና ካርድ ሪደር ያወጣል። ሚሞሪዋ ትገባለች፤ ትነበባለች። ሪደሩ ከጠዋት ጀምሮ መሳቢያው ውስጥ ለምን እንደቆየ ሲጠየቅ «መጀመሪያ በገመድ ይሞከራል» ይላል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከዚያ መንዙማው፣ መዝሙሩና የባቲው ዘፈን «ኒው ፎልደር 2» በሚባል አንድ ጣሪያ ሥር ይጫናሉ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 በጠረጴዛው ላይ አልተገኘም።

ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ዘፈንን የሚያሰልፉት በስሙ ሳይሆን በተጫነበት ተራ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ማማው ላይ መንዙማው በወጉ አልቆ፣ ያለ አንዳች ማሳሰቢያ እስክስታ ይከተላል። ግሪሳው ለጊዜው ከማሽላው ተነሥቷል።