ብንጠራው ብንጠራው

ገለምሶ ተቀምጠን ኮድ የምንነካካ ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ምሬታችን ግን አንድ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ሰርቨሩ ተነሣልህ?» መባባል ሰላምታ ሆኖልናል። ሰርቨር ስንል አሜሪካ ያለውን አይደለም፤ እዚሁ ጭናችን ላይ ባለው ላፕቶፕ ውስጥ ከኤዲተሩ ጎን የተጎለተውን ፕሮግራም ነው።

ድሮ ኤዲተር ራሱን የቻለ ነበር። ትጽፋለህ፣ ሴቭ ታደርጋለህ፣ በቃ። የዛሬው ግን ስሕተት ለማሳየትም፣ የጀመርክለትን ስም ለመጨረስም ሌላ ፕሮግራም ይጠራል። ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮደንቪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮልን ይፋ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ወግ ሆኖ ቀረ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አይካድም። ለ5 ኤዲተርና ለ10 የፕሮግራም ቋንቋ 50 ማገናኛ ከመሥራት 15 ሠርቶ መገላገል ይሻላል። የተገላገሉት ግን ሠሪዎቹ ናቸው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሸክሙ ነው፤ 4 ጊጋ ራም ላይ አንዱ ሰርቨር ሲገባ ብራውዘሩ ይወጣል።

ጣጣው የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ዜሮክስ ቤት የነበሩት ቢረልና ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሌላ ማሽን ላይ ያለን ፕሮሲጀር ልክ እዚሁ እንዳለ አድርጎ መጥራት እንደሚቻል አሳዩ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ የሰን ማይክሮሲስተምስ ባለሙያዎች «ሩቅና ቅርብ አንድ አይደሉም፤ የሩቁ ይዘገያል፣ ግማሹ ሞቶ ግማሹ ሊቆም ይችላል» ብለው ጻፉ። ለእኛ ይህን መጻፍ ባላስፈለገ። ጭሮ ያለ ወዳጅህ ቶነር እንዲገዛልህ ብር ለሚኒባስ ረዳት ሰጥተህ ሰደድክ እንበል። መሸ፣ ረዳቱ የለም። ብሩ አልደረሰም? ቶነሩ ተገዝቶ በዴሳ ላይ ቀረ? ወይስ ረዳቱ ረስቶት ኪሱ ውስጥ ነው? ዝምታው ለሦስቱም ያው ነው። ተናደህ ድጋሚ ስትልክ ደግሞ ሁለት ቶነር ይመጣልሃል።

ኤዲተሩም እንደዚያው ነው። ኒኦቪም ውስጥ ጥያቄ ልከህ መልስ ልጠብቅ ካልክ ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ የተጫንከው ቁልፍ ሁሉ መልሱ እስኪመጣ ይወዘፋል። አይ፣ ማሳወቂያ ብቻ ልኬ ሥራዬን ልቀጥል ካልክ ደግሞ መልስ የሚባል ነገር የለም፤ ይድረስ አይድረስ አታውቅም። ሰርቨሩን የሠራው ሰው አንዲት ፕሪንት ረስቶ ከሄደማ አለቀልህ። ንግግራቸው የሚያልፈው በዚያው በስታንዳርድ አውትፑት ስለሆነ፣ «እዚህ ደርሻለሁ» የምትል የሙከራ ቃል መልእክቱ መሐል ትሰነቀርና ሁሉም ይዘበራረቃል።

አማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ሌላ ቅጣት አለ። በላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል እያንዳንዱ መልእክት ከፊቱ ርዝመቱን አስታውቆ ነው የሚሄደው፤ ርዝመቱም የሚለካው በባይት ነው። «ገለምሶ» 4 ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ 8 ግን 12 ባይት ይይዛል። የኤዲተሩን ፕለጊን የጻፈው ሰው ባይት መቁጠሩን ትቶ ፊደል ከቆጠረ፣ በዚህች አንድ ቃል ብቻ 8 ባይት ይጎድላል። መልእክቱ መዝጊያ ቅንፉን አጥቶ ይቀራል፤ የተረፉት 8 ባይቶች የሚቀጥለው መልእክት ራስ ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያ የስሕተት ቁጥር −32700 ይመጣል፤ ማንበብ አልቻልኩም ነው ነገሩ። ይህ ቢስተካከል እንኳ ስሕተቱ ያለበት ቦታ የሚቆጠረው፣ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ በዩቲኤፍ 16 ነው፤ እዚያ ደግሞ አንዱ ፊደላችን አንድ ሆኖ ይቆጠራል። አንዱ ወገን 4 ሲል ሌላው 12 ይላል፤ ቀዩ መስመር ቃሉን ዘሎ ባዶ ቦታ ላይ ይሰመራል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው እንዲስማሙ ተፈቅዷል። መስማማታቸውን የሚያይልን ግን ማን ነው?

ጎረቤቴ በኮዱ መሐል ማስታወሻ የሚጽፈው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው። የእሱ ገለምሶ 8 ፊደል፣ 8 ባይት፤ በየትኛውም ቢቆጥሩለት ያው ነው። «ወንድሜ፣ አንተም በቁቤ ጻፍና ተገላገል» እያለ ይስቅብኛል። የእሱም ሰርቨር ቢሆን መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይሞታል፤ የሁለታችንም ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመጣ ሰርቨሩ ፋይሉን ሁሉ ከሀ ጀምሮ ያነባል፤ እኛም ቁጭ ብለን ፐርሰንት እንቆጥራለን።

ሰሞኑን መሮኝ አጥፍቼው ነው የምሠራው። ስሕተቴን ኮምፓይለሩ ይነግረኛል፣ ያውም ስጠይቀው ብቻ። ኤዲተሩ ግን በከፈትኩት ቁጥር «ሰርቨር አልተገኘም» ይለኛል። አውቃለሁ እኮ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ!