ስብሰባ ነገርን ስለመውለዱ የቀረበ አጭር ጥናት

የሰው ልጅ ከስብሰባና ከዕቃ የትኛውን አስቀድሞ አገኘ? የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ጥያቄውን ስለዘለሉት መልሱን ከሰሜን አትላንቲክ ለማምጣት ተገደናል። እዚያ አይስላንዳውያን «ሲንግ»፣ የፋሮ ደሴት ሰዎች ደግሞ «ቲንግ» የሚሉት አንድ ስም አለ። የአይስላንዱ መነሻ ድምፅ በትክክል የሚወጣው ምላስን በጥርስ ያዝ አድርጎ ነው። ፋሮዎች ለምላሳቸው ስለሚሳሱ በ«ት» ተክተውታል።

ቃሉ በመጀመሪያ ሸንጎ ማለት ነበር፤ ቀጥሎ ሸንጎው የሚያየው ጉዳይ ሆነ፤ በመጨረሻም ድስቱን፣ መጥረቢያውን፣ መቅዘፊያውን ሁሉ ጠቀለለ። ፋሮዎች ዛሬም ፓርላማውንም ዕቃውንም በዚሁ ይጠራሉ። ከቅደም ተከተሉ የምንረዳው ሰዎች መጀመሪያ እንደተሰበሰቡ፣ የሚሰበሰቡበት ነገር ግን ኋላ እንደተገኘ ነው።

የአማርኛው «ነገር» ሳይጠሩት መጥቶ ይመሰክራል። ከግዕዙ «ነገረ»፣ ማለትም ተናገረ፣ ተነሥቶ ክርክር ሆነ፤ ክስ ሆኖ ነገረ ፈጅ አቆመ፤ ዛሬ ስሙ የጠፋን ዕቃ ሁሉ «ያ ነገር» እንለዋለን።

የአይስላንድ ሸንጎ አልሲንግ እ.ኤ.አ. በ930 ሲቋቋም ጣሪያ አልነበረውም። ሕጉም በ1117 መጻፍ እስኪጀምር ድረስ የሚኖረው በሕግ ተናጋሪው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሹሙ በ3 ዓመት ዘመኑ በየዓመቱ የሕጉን ሲሶ በቃሉ ይወጣል፤ የስብሰባውን ሥነ ሥርዓት ግን በየዓመቱ ይደግማል። የነፍሰ ገዳይን ቅጣት ለመስማት ተራ መጠበቅ ይቻላል፤ ስብሰባው እንዴት እንደሚመራ ሳይሰሙ ግን ዓመት አይታለፍም።

በ1000 ገደማ ሸንጎው በክርስትናና በጣዖት ለሁለት ሲከፈል፣ ጉዳዩ ለሕግ ተናጋሪው ለቶርጌር ተመራ። እሱም ካባውን ተከናንቦ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተጋደመ። ሲነሣ ሁሉም እንዲጠመቅ፣ የፈረስ ሥጋ ግን እንዲፈቀድ በየነ። ንዑስ ኮሚቴው አንድ አባል ብቻ ነበረው፤ የሻይ እረፍትም አበልም አልጠየቀም። የዘርፉ ተመራማሪዎች ይህን ውጤት መድገም አልቻሉም።

መላምታችን አንድ ከባድ ፈተና ገጥሞታል። የዴንማርክ ዘውድ አልሲንግን በ1800፣ የፋሮውን ሎግቲንግ በ1816 በተነው። የመጀመሪያው እስከ 1845፣ ሁለተኛው እስከ 1852 አልተቀመጡም። ነገር ሁሉ ከስብሰባ የሚወለድ ከሆነ በእነዚያ ዓመታት ድስትና መጥረቢያ መመንመን ነበረባቸው። አልመነመኑም። ሆኖም በቃለ ጉባኤ አንዴ የሰፈረ ነገር ጉባኤው ቢፈርስም ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል ስብሰባ የለመደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ መላምቱ ጸድቋል።